የ2019 ቀን መቁጠሪያ በኢንክስኬፕ፦ ተደጋጋሚውን ገጽ አንዴ ሠርቶ ለሁሉም ወር ማዋል

ጥያቄ፦ ከፒያሳ

እንደምን ዋላችሁ። በኢንክስኬፕ 1.3 (የዲዛይን መሥሪያ ፕሮግራም) የ2019 ዓ.ም. የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ እየሠራሁ ነው። ወረቀቱ ኤ3 ነው፤ 297 በ420 ሚሊ ሜትር፣ የቆመ፣ ከላይ በስፓይራል የሚጠረዝ። በየገጹ ከላይ የጎንደር ፎቶ፣ ከሥሩ የወሩ ስም፣ ከዚያ ከሰኞ እስከ እሑድ የተከፈለ የቀን ሰንጠረዥ አለ፤ ሰንጠረዡን የብራና ሐረግ ይዞረዋል። 13ቱን ገጽ የሠራሁት ኮፒ እያደረግሁ ነው። አሁን ሐረጉ ይቅጠን ሲባል 13 ቦታ መንካት ሊኖርብኝ ነው። ጥቅምትና ግንቦት ደግሞ አልበቃ ብሏቸው 30ኛዋ ቀን ከሰንጠረዡ ውጭ ቀርታለች። አንዱን ሳስተካክል ሁሉም የሚስተካከልበት መንገድ የቱ ነው?

መልስ፦ ከማራኪ

ወንድምዓለም፣ የሚያስፈልግህ ኮፒ ሳይሆን ክሎን ነው። ኮፒ ከተሠራ በኋላ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። ክሎን ግን እናቱን ተከትሎ ይኖራል፤ እናቲቱን ስትነካ ሁሉም ይለወጣሉ።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ በየወሩ የማይለወጠውን ብቻ፣ ማለትም ሐረጉን፣ የሰንጠረዡን መስመሮችና የሰባቱን ዕለታት ስም በኮንትሮል+ጂ አንድ ግሩፕ አድርጋቸው። የወሩ ስም፣ ፎቶውና ቁጥሮቹ እዚህ ውስጥ አይግቡ። ግሩፑን መርጠህ ኦልት+ዲ ስትጫን ክሎኑ ልክ በእናቱ ላይ ተደርቦ ይወጣል፤ ምንም ያልሆነ ይመስላል እንጂ ወጥቷል። ከዚያ በሺፍት+ኮንትሮል+ኤም የትራንስፎርምን መስኮት ክፈት፣ ሪሌቲቭ ሙቭ ላይ ምልክት አድርግ፣ አግድሙን 307 ሚሊ ሜትር ሰጥተህ አፕላይ በል። 307 የገጹ ስፋት 297 ሲደመር በገጾቹ መካከል ያለው 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያንተ ክፍተት ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይር። ብሊዱ፣ ማለትም ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር ከገጹ ውጭ የሚታተመው ትርፍ፣ በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚወጣ ክፍተቱ ከ6 ማነስ የለበትም። ካነሰ የአንዱ ፎቶ ጠርዝ በጎረቤቱ ብሊድ ውስጥ ገብቶ ይታተማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። የሁለተኛውን ገጽ ክሎን መርጠህ ኦልት+ዲ ካልህ የክሎን ክሎን ይወለዳል፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋል። እዚያ ላይ ኮንትሮል+ዲ በል፤ የሚወጣው ሁለተኛ ክሎን በቀጥታ ከእናቲቱ ጋር የተያያዘ ነው። እናቲቱ የት እንዳለች ሲጠፋህ ማንኛውንም ክሎን መርጠህ ሺፍት+ዲ ተጫን።

አንድ ነገር ቀድመህ አስተካክል፦ ፕሪፈረንስ ውስጥ ቢሄቪየር፣ ከዚያ ክሎንስ የሚለውን ክፈትና እናቲቱ ስትንቀሳቀስ ክሎኖቹ ባሉበት እንዲቆዩ ምረጥ። አለዚያ እናቲቱን ትንሽ ገፋ ስታደርጋት የሌሎቹ ገጾች አሰላለፍ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

መልስ፦ ከአዘዞ

ክሎኑ እንዳለ ሆኖ፣ የጥቅምትና የግንቦት ችግር ግን የሶፍትዌር አይደለም፤ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ይውላል። ወራችን 30 ቀን፣ ማለትም አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ስለሆነ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ሁለት ዕለት ዘግይቶ ይጀምራል። ስለዚህ ጥቅምት እሑድ፣ ኅዳር ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ሐሙስ፣ ጥር ቅዳሜ፣ የካቲት ሰኞ፣ መጋቢት ረቡዕ ይገባሉ። ሚያዝያ ላይ ዙሩ ተመልሶ ዓርብ ይሆናል።

ሳምንቱን ከሰኞ ስትጀምር እሑድ የሚገባ ወር ብቻ ስድስት ረድፍ ይፈልጋል፤ እነሱም ጥቅምትና ግንቦት ናቸው። የሌሎቹ አምስት ረድፍ ይበቃቸዋል። አንተ ባለ አምስት ረድፍ ሠርተህ ነው የተረፈብህ። ለሁሉም ባለ ስድስት ረድፍ አድርገው።

ይህን ካደረግህ ደግሞ ጳጉሜን የራሷ ገጽ አያስፈልጋትም። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። ነሐሴ ቅዳሜ ገብቶ በአምስተኛው ረድፍ እሑድ ላይ ያልቃል። ጳጉሜን 1 ሰኞ፣ ጳጉሜን 6 ቅዳሜ ነው፤ የነሐሴ ስድስተኛ ረድፍ ላይ ልክ ትገባለች። ቀለሟን ለይተህ ከጎኗ «ጳጉሜን» ብለህ ጻፍባት። ከሽፋኑ ጋር 13 ቅጠል ይሆንልሃል።

ቁጥሮቹንም 12 ጊዜ አትጻፍ። የሚያስፈልግህ ሰባት የቁጥር ግሩፕ ብቻ ነው። መስከረምና ሚያዝያ አንድ ናቸው፤ እንዲሁም ጥቅምትና ግንቦት፣ ኅዳርና ሰኔ፣ ታኅሣሥና ሐምሌ፣ ጥርና ነሐሴ። የካቲትና መጋቢት ለየብቻ ናቸው። አምስቱን አንድ ጊዜ ሠርተህ ለጥንዶቻቸው ክሎን አድርግ። የፈረንጆቹ ትንሿ ቁጥር ግን በየወሩ ስለምትለያይ በክሎኑ ውስጥ አትግባ፤ መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11፣ ጥር 1 ከጃንዋሪ 9 ጋር ይገጥማል። በዓላትም እንደዚሁ በየገጹ ለብቻ ይሁኑ፦ ጥምቀት ማክሰኞ ጥር 11፣ ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 24። ለጥር የፋሲል መዋኛን ፎቶ ብታደርግ ከወሩ ጋር ይስማማል።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ

እግዜር ይስጥልኝ፣ የጳጉሜኗ ነገር በጣም ጠቅሞኛል። ሁለት ነገር ቀረኝ። የዕለታቱ ስም ያለበት ቅብ በየወሩ ቀለሙ እንዲለያይ እፈልጋለሁ፤ ክሎኑን ስቀባው ግን አይቀየርም። ሁለተኛ፣ ሐረጉን በታይልድ ክሎንስ (አንዱን ቅርጽ እየደጋገመ በሚደረድረው ትእዛዝ) ስደረድረው ማዕዘኑ ላይ አይገጥምም።

መልስ፦ ከማራኪ

ክሎን ቀለም የሚቀበለው እናቱ ቀለም ከሌላት ነው። ነጭ ወይም ባዶ ማለት አይደለም። የእናቲቱን ቅብ መርጠህ በፊል ኤንድ ስትሮክ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ያለበትን፣ አንሴት የሚባለውን ተጫን። ለጊዜው ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ አትደንግጥ። ቅቡን ከትልቁ ግሩፕ አውጥተህ ለብቻው ክሎን አድርገው፤ ከዚያ እያንዳንዱን እንደ ወሩ ቀባው። የዕለታቱ ስም ከቅቡ በላይ ይሁን።

ለሐረጉ መጀመሪያ ልኩን አስላ። የሰንጠረዡን ሳጥን 38 ሚሊ ሜትር ወርድ በ28 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ የዕለታቱን ረድፍ 14 አድርገው። ጠቅላላው 266 በ182 ይመጣል። የሐረጉን አንድ ዘለላ 14 ሚሊ ሜትር ርዝመት ከሰጠኸው በአግድም ልክ 19፣ በቁም ልክ 13 ይገባል፤ የሚቆረጥ የለም። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ለማዕዘኖቹ 6 በ6 የሆነ ቋጠሮ ለብቻ ሣል። ውጩ 278 በ194 ሲሆን ከግራና ከቀኝ 9.5 ይተርፋል። ከላይ ወደ ታች ፎቶ 200፣ የወሩ ስም 16፣ ሰንጠረዡ ከነሐረጉ 194፣ ግርጌ 10፤ ድምሩ 420።

አሁን ያልገጠመልህ በመስመሩ ውፍረት ይመስለኛል። ዘለላው 0.5 ሚሊ ሜትር መስመር ካለው ኢንክስኬፕ 14 ሳይሆን 14.5 አድርጎ ይለካዋል፤ በ19 ዘለላ 9.5 ሚሊ ሜትር ይተርፋል ማለት ነው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ቱልስ ላይ የወሰን አለካኩን ከቪዥዋል ወደ ጂኦሜትሪክ ቀይርና ዘለላዎቹን እንደገና ደርድር። ዲዛይኑ ሲጸድቅ 64ቱን ዘለላ በሺፍት+ኦልት+ዲ ከእናታቸው ፍታና በዩኒየን አንድ ቅርጽ አድርጋቸው። ካልሆነ በ12 ገጽ 768 ዘለላ ስለሚሆን ኮምፒውተሩ ይዘገያል።

መልስ፦ ከአራዳ

በኮረል ድሮው የምትሠሩ ካላችሁ ክሎን አያስፈልግም። በኦብጀክትስ መስኮት ማስተር ፔጅ ሥር ለሁሉም ገጽ የሚሆን ማስተር ሌየር ፍጠሩና ሐረጉን እዚያ ላይ አድርጉት፤ በየገጹ ራሱ ይታያል። ኢለስትሬተር ማስተር ገጽ የለውም። ሐረጉን በኤፍ8 ሲምቦል አድርጉት፣ ከገጹ ላይ ከት አድርጉትና በኮንትሮል+ኦልት+ሺፍት+ቪ በሁሉም አርትቦርድ (ገጽ) ላይ በአንድ ጊዜ ለጥፉት። ሲምቦል ሳይሆን ከተለጠፈ ግን ተራ ኮፒ ይሆናል፤ በኋላ አብሮ አይስተካከልም።

ወደ ማተሚያ ቤት ስትወስደው እነዚህን እይ። ፎቶው ከነብሊዱ 303 በ203 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ300 ዲፒአይ 3579 በ2398 ፒክስል ይሆናል። የላይኛው 15 ሚሊ ሜትር ስፓይራሉ የሚበሳው ስለሆነ የግንቡ ጉልላት እዚያ እንዳይደርስ ፎቶውን ዝቅ አድርገው። ፎቶዎቹ ሊንክ ከሆኑ በፍላሽ ስትወስድ ፎልደሩን በሙሉ ውሰድ። ፒዲኤፍ ስታወጣ ጽሑፍ ወደ ፓዝ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) ይቀየር የሚለውን ምረጥ፤ የግዕዝ ቁጥር ከተጠቀምህማ ግድ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ፋይሉ ቢከፈት ፩ እና ፴ ባዶ ሳጥን ሊሆኑ ይችላሉ።

የኢንክስኬፕ ፒዲኤፍ በአርጂቢ፣ ማለትም በስክሪን ቀለም ነው የሚወጣው። ጥቁሩ ጽሑፍ ወደ ማተሚያው አራት ቀለም ሲቀየር ከአራቱም ተደባልቆ ይመጣል፤ ማሽኑ ትንሽ ሲዛነፍ ትንንሾቹ የፈረንጅ ቁጥሮች ዙሪያቸው ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣሉ። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ማለትም ኬ 100 እንዲወጣ ቀያሪውን ባለሙያ ንገረው፤ ወይም ሥዕሉን ወደ ስክራይበስ (የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) አስገብተህ ቁጥሮቹን እዚያው ጻፋቸው። ሙሉውን ከማሳተምህ በፊት ጥቅምትንና ነሐሴን በኤ3 አሳትመህ በማስመሪያ ለካቸው፤ ስድስተኛው ረድፍ የሚሠራው በእነሱና የጥቅምት ጥንድ በሆነው በግንቦት ነውና።