የሳልቫጅ ሱፍ ድሪቶ፦ ከመቁረጥ በፊት ይታጠብ ወይስ ከተሰፋ በኋላ?

ሰፊዋ ከአዳማ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከሳልቫጅ ካፖርትና ሹራብ 160 በ200 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ድሪቶ ብርድ ልብስ ለመስፋት አስቤያለሁ። ለአዳማ ሙቀት አይደለም፣ ደብረ ብርሃን ላሉ ዘመዶች ነው። ያለኝ ካፖርት፣ ሹራብና ጥቂት የሱፍ ጉርድ ነው፤ የብዙዎቹ ሌብል ተቆርጧል። እውነተኛ ሱፍ መሆኑን በምን ልለይ? ከመቁረጤ በፊት በሙቅ ውሃ ልጠበው? ካለቀ በኋላስ እንዴት ይታጠባል?

ክርና መርፌ (ሐዋሳ)፦
እህቴ፣ ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ክር መዝዘሽ በክብሪት አቃጥዪ። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። አክሪሊክና ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይኮማተርና ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይደድራል። ቅልቅል ከመሰለሽ ቁራጩን በብርጭቆ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ሱፉ ሟሙቶ ያልቃል፣ የሚቀረው ጥጥ ወይም ሰው ሠራሽ ነው። ግማሽ ያህል ከቀረ ተዪው። ሱፍ በበረኪና የማይታጠበው ለምን እንደሆነም እዚያው ታይዋለሽ።

ማጠቡ ከመቁረጥ በፊት ነው፣ ክርክር የለውም። የሱፍ ጭረት ላዩ ቅርፊት አለው። ሙቀት፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ ይቆላለፉና ጨርቁ ይጠብቃል፤ ተመልሶም አይላላም። ሳይጠብቅ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ቁራጭ ሲያጥር ጎረቤቱ ባለበት ይቀራል፣ ብርድ ልብሱ ይኮማተራል፣ ካውያም አያቃናውም። ስለዚህ ገበሩን፣ ቁልፉንና የትከሻውን ስፖንጅ አውልቀሽ፣ በቀለም ለይተሽ፣ 60 ዲግሪ በሚሆን ውሃና ሳሙና እጠቢ። በእጅ አይሞከርም፣ በእንጨት አማስዪ። በማሽን ከሆነ ሹራቡን የትራስ ልብስ ውስጥ ከተሽ እሰሪው፤ አለዚያ ብናኙ የውሃ መውጫውን ይዘጋል። መቀስ ስታስገቢበት ክሩ ካልተተረተረ በቅቶታል። በዚያ ሙቀት አንድ ሰዓት ከቆየ ብሉም እንቁላሉም ይሞታል፤ ለሳልቫጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሮጌ ካፖርት (አዳማ)፦
ለሹራብ ልክ ነው፤ ለካፖርት ግን 60 ዲግሪ ይበዛል። የካፖርት ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጠብቆ የወጣ ነው፤ እንደገና ካጠበቅሽው ይወፍርና አራት ማዕዘኖች በሚገናኙበት ቦታ ተራ የስፌት መኪና አያልፈውም። በ40 ዲግሪ እጠቢውና በእርጥብ ጨርቅ ላይ በእንፋሎት ተኩሺው። የፊት ክፍሉ ውስጥ በሙጫ የተለጠፈ ጨርቅ አለ፤ ሲታጠብ አረፋ አረፋ ያወጣል። ጀርባውንና እጅጌውን ተጠቀሚ፣ ፊቱን ተዪው።

ቁራጮቹን 23 በ23 ቁረጪ። በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፌት ሲገባ 20 ይቀራል፤ 8 በ10 ሲደረደር 80 ቁራጭ፣ ልክ 160 በ200 ይሆናል። መርፌ ቁጥር 100፣ የስፌት ርዝመት 3.5 ሚሊ ሜትር። ስፌቱን ግራና ቀኝ ከፍተሽ ተኩሺ፤ ወደ አንድ ወገን ከተኛ መገናኛው ይቆለላል፣ መርፌ ይሰበራል። ስስ ሹራብ ከወፍራም ካፖርት አጠገብ አታግቢ፣ ይሳባል። ግድ ከሆነ ግን የስሱ ሹራብ ጀርባ ላይ ለአንገትጌ የሚገባውን በካውያ የሚለጠፍ ጨርቅ አድርጊለት። ውስጡ ሙሊት አያስፈልገውም። ለጀርባ አቡጀዲ ይበቃል፣ እሱም አስቀድሞ ታጥቦ ይጠር። ፊትና ጀርባውን በየማዕዘኑ በሱፍ ክር ወግተሽ ቋጥሪ።

ብል ጠላቴ (ሐዋሳ)፦
ካለቀ በኋላ ስለ ማጠብ ልጨምር። ሱፍ ንፋስ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ እጥበት በዓመት አንዴ፣ እሱም በበጋ እንጂ በክረምት አይሁን፣ ሳይደርቅ ይሸታል። ለ20 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት ማንኪያ የጸጉር ሻምፖ። የዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ አልካሊ ነው፣ አንዳንዱም ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም አለው፣ ሱፍ ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ነው። ሳፋ ውስጥ 10 ደቂቃ ተጫኚው እንጂ አትሺው፣ በእግርም አትርገጪው። ማለቅለቂያው ውሃ ከማጠቢያው ጋር እኩል ሙቀት ይኑረው። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ አልካሊ ስለሚበዛው መጨረሻው ላይ ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጨምሪ።

አውጥተሽ ገመድ ላይ ካንጠለጠልሽው በክብደቱ ይለጠጣል። አንሶላ ከሥሩ አስገብተሽ አንሺው፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ጭመቂ (መጠምዘዝ የለም)፣ ከዚያ የሽቦ አልጋ ላይ በጥላ ዘርጊው። ብል የሚወደው ላብና የምግብ ፍርፋሪ ያለበትን ነው፤ ሳይታጠብ አይቀመጥ።

ሰፊዋ ከአዳማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ሹራብ ሲቃጠል ጸጉር ጸጉር ይሸታል፣ በ60 ዲግሪ ግን ንቅንቅ አላለም። ምን ይሁን?

ክርና መርፌ (ሐዋሳ)፦
እሱ በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ ቅርፊቱ በኬሚካል የተስተካከለ ሱፍ ነው፤ ብታፈዪውም አይጠብቅም፣ ከተቆረጠም ይተረተራል። ቁራጭ አታውጪበት። ከጫፉ ተርትረሽ ለመቋጠሪያው ክር አድርጊው፤ ስለሚንሸራተት ግን እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ቋጥሪ፣ ጫፉንም 2 ሴንቲ ሜትር አስቀሪለት።