በጸበል ሥፍራ የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

አወያይ፦ ለዛሬ የቀረበው ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ያልገባበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። የአእምሮ ሕመም የገጠማቸው ብዙ ወገኖቻችን በቅድሚያ የሚሄዱት ወደ ሆስፒታል ሳይሆን ወደ ጻድቃኔ ማርያም፣ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም በየደብራቸው ወዳለው ጸበል ነው። በመሆኑም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ በጸበል ሥፍራዎች በቋሚነት ተመድቦ መድኃኒት ይስጥ የሚል ሐሳብ ከአባላት ተነሥቷል። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አቅርቡ።

ዲያቆን፣ ከሰላ ድንጋይ፦ እኔ እቃወማለሁ። የምቃወመው ሕክምናን ስለምንቅ አይደለም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። የምፈራው የቦታው ሥርዓት እንዳይደበላለቅ ነው። ወደ ጸበል የሚመጣ ሰው ንስሐ ሊገባ፣ ሊጾምና ሊጸልይ ነው የሚመጣው፤ በሩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ካርድ እንዲያወጣ ቢጠይቀው የያዘው ተስፋ ይላላል። በከተማ ሕፃናት ድንጋይ የሚወረውሩበት ሰው ጸበል ሲደርስ ማንም አይሸሸውም፤ ከሌላው ጋር እኩል ተሰልፎ ይጠመቃል፣ ከሌላው ጋር ቆሎውን ይካፈላል። ይህን ክብር በየትኛው የሆስፒታል ወረፋ ያገኘዋል?

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ ዲያቆን፣ ስለ ክብሩ የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኛ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ አንድን ሰው ለጥቂት ደቂቃ አይተን እንሸኛለን፤ እናንተ ዘንድ ግን ሱባኤውን ሙሉ ከሰው ጋር ይውላል፣ ያድራል። እኔን የሚያሳስበኝ ሕመምተኛው ጸበል መሄዱ ሳይሆን ሲሄድ የሚያቋርጠው መድኃኒት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታል የተባለውን መድኃኒቱን በድንገት ቢያቆም ሳያባራ የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ተነሥቶበት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሊቲየም የተባለውን የስሜት መዋዠቅ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በጾም ውኃ ሳይቀምስ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ቤተሰብን የሚያሳስተው የስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ጉዳይ ነው። ሕመምተኛው ክኒኑን ሲተው መፍዘዙና እንቅልፉ ስለሚለቀው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሻለው ይመስላል፤ ቤተሰቡም ዳነልን ብሎ ስእለቱን አግብቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚያገረሸው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ነገሩን ከመድኃኒቱ መቋረጥ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም። ይህን በጊዜው የሚያስረዳ ባለሙያ በቅርብ መኖር አለበት የምለው ለዚህ ነው።

አስታማሚ፣ ከመሐል ሜዳ፦ እኔ ታናሽ ወንድሜን የማስታምም ነኝ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የጸበል ሥፍራ ሰንብተን ነበር። እግሩ በሰንሰለት ከቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሮ፣ ብረቱ የሚነካው ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ መግል ስለያዘ ጨርቅ እየጠቀለልሁ ከሥሩ አስገባለት ነበር። ይህን ስል አጥማቂዎቹን ለመክሰስ አይደለም፤ የሚያስረው ቤተሰብ ነው፣ የሚያስረውም ሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባበት ስለሚፈራ ነው። ክኒኑ በቦርሳዬ ነበረ። አጠገባችን ያደሩ ጸበልተኞች ግን ክኒን ከተወሰደ ጸበሉ አይሠራም ስለሚሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት መስጠት የማይታሰብ ነበር። እዚያው አንድ ነርስ ቢኖር ኖሮ በክኒኑ ምትክ በወር አንድ ጊዜ የሚሰጠውን መርፌ ተወግቶ ሁለቱንም ያገኝ ነበር። ዲያቆን፣ እርስዎ ተስፋው ይላላል ብለዋል፤ የወንድሜ ተስፋ የላላው በሰንሰለቱ ነው።

መምህር፣ ከሸዋ ሮቢት፦ እኅቴ፣ ሐዘንሽን እካፈላለሁ፤ ይሁን እንጂ መድኃኒት ስለ ገባ ብቻ ሰንሰለት ይወጣል ብለን እንዳንታለል እሰጋለሁ። በጋና በአንድ የጸሎት ካምፕ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ከጸሎቱ ጋር መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች የሕመም ምልክታቸው በግልጽ ቀንሷል፤ በሰንሰለት ታስረው የዋሉባቸው ቀናት ግን ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ ያን ያህል ልዩነት አላሳዩም። ስለዚህ ባለሙያ ይመደብ የሚለውን የምደግፈው ሰንሰለትን ማስቀረት ጸበል ሥፍራውና ጤና ተቋሙ በሚያደርጉት ስምምነት ውስጥ ራሱን የቻለ ግዴታ ሆኖ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ዲያቆን፣ ከሰላ ድንጋይ፦ ስለ ክኒኑ የተባለው ልቤን ነክቶታል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የተለየ ፍርድ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየኝም፤ አጥማቂዎችም ይህን በዐውደ ምሕረት ቢናገሩ ጸበልተኛው ይሰማቸዋል። የምጸናበት ግን አለኝ፦ ሕክምናው ከቅጥሩ ውጭ በአቅራቢያ ባለ ጤና ኬላ ይሁን፣ ማንም አይገደድ፣ ባለሙያውም የሰውን እምነት አያጣጥል።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ከቅጥሩ ውጭ መሆኑ እኔንም ያስማማኛል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች በሐኪም ምክር ወደ ማታ ስለሚዛወሩ ጾሙንም አይነኩም። የሚያሠጋኝ የመድኃኒት አቅርቦቱ መቆራረጥ ነው፤ አስጀምረን ካለቀብን የነገርነውን ሁሉ ራሳችን እናፈርሰዋለን።

አስታማሚ፣ ከመሐል ሜዳ፦ መምህር፣ በግዴታው እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ሰንሰለት ክልክል ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን ሌሊቱን አያስነጋም። መርፌው እስኪይዘው ድረስ ቀናት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ቀናት እኔ ስተኛ ወንድሜን ማን ይጠብቀዋል? ሰበካ ጉባኤውና ወረዳው ተባብረው የሌሊት ተረኛ አስታማሚ ካልቀጠሩና የሚዘጋ ማደሪያ ቤት ካልሠሩ፣ ቤተሰብ ከተራራው ሥር ቤት ተከራይቶ ተደብቆ ማሰሩን ይቀጥላል። በስምምነቱ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲጻፍ የምጠይቀው ይህንን ነው።