የጎንደር ፒያሳ ሲታደስ ጥላውስ?

የፒያሳዋ ልጅ
ሰላም እንዴት ናችሁ? ጎንደር ነው ተወልጄ ያደግሁት፤ አሁን ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ስሄድ ከተማው አምሮበት አገኘሁት። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ደስ ይላል። ግን እናቴ ሰፈር መንገድ ዳር ያለችውን አሮጊት ሾላ ሳይ ደነገጥኩ። ንጣፉ እስከ ግንዷ ድረስ በሲሚንቶ ተገጥግጧል፤ ጣት የሚያስገባ አፈር እንኳ አልቀረላትም። እሷ ስር እኮ ሴቶች ቆሎ ይሸጣሉ፣ ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቃሉ፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የቤት ሥራዬን የሠራሁት እዚያው ነው። አለፍ ብሎ ደግሞ አዲስ ሣር ተተክሎ በሰንሰለት ታጥሯል። መቀመጫ የለውም። አሮጌ ሰፈር ሲታደስ የግድ እንዲህ መሆን አለበት? ዛፏንስ ማዳን ይቻላል?

ወይራ
ይቻላል፣ ግን ፍጠኑ። ብዙ ሰው ዛፍ ውሃ የሚጠጣው ከግንዱ ስር ይመስለዋል። ውሃና አየር የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ግን ቅርንጫፉ ከሚደርስበትም አልፈው ይሄዳሉ፤ አብዛኞቹም ላይ ላዩን ናቸው። ሲሚንቶ ሲዘጋባቸው ዛፉ ወዲያው አይደርቅም። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ከጫፉ ይጀምራል፣ ያኔ «አርጅቶ ነው» ተብሎ ይቆረጣል። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል ንጣፉን አንሱት። የቀረውን ድንጋይ አሸዋ ላይ አስቀምጡት፣ መጋጠሚያው በሲሚንቶ አይሞላ። ሥር አይቆረጥ፤ ግንዱ ላይም አፈር አይከመር።

ግንበኛው
ወይራ ያለው ልክ ነው። አባቴም እኔም ድንጋይ ስንጠርብ የኖርን ነን። ጣሊያን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ) የፋሲል ግቢን ሲጠግን ሲሚንቶ ነበር የተጠቀመው፤ በኋላ ያንን አንስቶ በኖራ መተካት ግድ ሆነ። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ውስጡ አፍኖ ያስቀረዋል። ለግንቡ የተማርነውን ለዛፉ ለምን እንረሳዋለን? ጥምቀት የምናከብርበት ፋሲል መዋኛ ስትሄዱ አጥሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የዛፎቹ ሥር ድንጋዩን አቅፎ ወርዶ የቱ ሥር የቱ ግንብ እንደሆነ ለመለየት እጅ መዳሰስ አለበት። በእርግጥ ሥር ግንብ ይሰነጥቃል፣ ስለዚህ አዲስ ስትተክሉ ራቅ አድርጉ። ግቢው በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1979 ነው፤ የእናትሽን ሰፈር ሾላ ግን ማንም አልመዘገባትም፣ ጠባቂዋ የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው።

የቀሃ ዳሩ
እኔ ትንሽ ልለይ። ያ መንገድ በፊት ምን እንደነበር አትርሱ፤ ክረምት ላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። እናቴ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ንጣፉ ካለቀ በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ ከቤት ወጥታ ቡና ጠጥታ ተመለሰች፣ ከስንት ዓመት በኋላ! ስለዚህ ይፈርስ የሚል ካለ አልስማማም። ሣሩ ላይ ግን ከእናንተ ጋር ነኝ። ውሃ በፈረቃ በሚያገኝ ከተማ በጋውን ሙሉ ሣር ማጠጣት ምን ማለት ነው? በዚያ ቦታ ወይራና ዋንዛ ተተክሎ ስሩ አግዳሚ ወንበር ቢደረግ ውሃ የሚፈልገው እስኪጸድቅ ብቻ ነው። እዚያው ጎንደር ባለው ጃንተከል ዋርካ ስር ድሮ አዋጅ ይነገር ነበር ይባላል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ሰው የሚሰበሰብበት እንጂ ከሰንሰለት ማዶ ቆሞ የሚያየው አይደለም።

የፒያሳዋ ልጅ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የቀሃ ዳሩ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ፤ ንጣፉ ይፍረስ አላልኩም፣ ዛፏ ትተንፍስ ነው ያልኩት። ዛሬ ወንድሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄዶ የሥራውን ኃላፊ አነጋግሮታል። ሰውዬው መጀመሪያ ፊቱን አኮሳተረ፣ በኋላ ግን «ድንጋዩን ሳትሰብሩ ካነሳችሁ አንሱ» አለ። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች መሮና መዶሻ ይዘው ይወጣሉ። ግንበኛው፣ ጎንደር ካለህ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ድንጋዩ ሳይሰበር እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳያቸው ሰው የለም።