ሂት ስትሮክ (የሰውነት ሙቀት ከልክ በላይ ወጥቶ ራስን የሚያስት ሕመም)፦ በረዶ በሌለበት ታካሚን እንዴት እናቀዝቅዝ? የት ላይስ እናቁም?

ቆላ ነርስ፦
ሰላም ባልደረቦች። አፋር ነው የምሠራው። ሙቀቱ ሲበረታ ከእርሻና ከመንገድ ሥራ ራሳቸውን ስተው የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ይበዛሉ። በረዶ የለንም። ያለን ሞቅ ያለ የቧንቧ ውሃ፣ ሁለት የቁም ማራገቢያ፣ አንድ ፍሪጅና የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ነው። እርጥብ አንሶላ እናለብሳለን፣ ፓራሲታሞል በደም ሥር እንሰጣለን፤ ሙቀቱ ግን ቶሎ አይወርድም። ምኑን እናስተካክል? ስንት ሲደርስስ እናቁም?

የድንገተኛ ሐኪም፦
መጀመሪያ አንሶላውን አንሱት። ነፋስ የማያገኘው እርጥብ አንሶላ በደቂቃዎች ውስጥ በሰውነቱ ሙቀት ይሞቅና ብርድ ልብስ ይሆናል። እዚህ ሥራውን የሚሠራው ትነቱ ስለሆነ የውሃው ሞቅ ማለት አያሳስባችሁ። ልብሱን ሙሉ በሙሉ አውልቁ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ቆዳውን በሚረጭ ጠርሙስ ወይም በስፖንጅ ሳታቋርጡ አርጥቡ፣ ማራገቢያዎቹን ከፊትና ከኋላ አስጠግታችሁ ክፈቱ። ፍራሽ የሌለው የጠፍር አልጋ ከተገኘ ደግሞ ከሥርም አየር ይገባል። የአፋር ደረቅ አየር ለዚህ ይመቻል፤ እርጥበት በሚበዛበት ጋምቤላ ግን ትነቱ ይዳከማል።

በፍሪጁ የቀዘቀዘ ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) እና አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ የሚደረግ ቀዝቃዛ ከረጢት አጋዥ ናቸው፤ ብቻቸውን አይበቁም። በረዶ የሚገኝበት ቦታ፣ በተለይ ወጣትና ጉልበት ሥራ ላይ የወደቀ ከሆነ፣ በረዶ ውሃ ውስጥ መንከር ከሁሉም ይፈጥናል፤ ገንዳ ባይኖር አራት ሰው ጠርዙን የያዘው ሸራ ይበቃል።

ፓራሲታሞሉን ተዉት። የሚጠቅመው በኢንፌክሽን ምክንያት አንጎል ራሱ የሙቀቱን ልክ ከፍ ሲያደርግ ነው። እዚህ ልኩ አልተለወጠም፤ ሰውነቱ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶት ነው። ጉበቱም አስቀድሞ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። አስፒሪን ደግሞ መድማትን ስለሚያባብስ ጭራሽ አይታሰብም።

አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነርስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔን ያሳሰበኝ ቴርሞሜትሩ ነው። የሜርኩሪው ካልተራገፈ አይወርድም። 41 ያነበባችሁበትን ሳታራግፉ መልሳችሁ ብታስገቡት፣ ታካሚው 38 ገብቶም 41 ይላችኋል፤ እናንተም ማቀዝቀዛችሁን ትቀጥላላችሁ። በዚያ ላይ ከ42 በላይ አያነብም። ዲጂታል ብትገዙ ይሻላል። ብብት ላይ አትለኩ፤ የራሰና ነፋስ የሚመታው ቆዳ ከውስጡ ሙቀት በታች ያሳያል። በፊንጢጣ ለኩ፣ በየ5 ደቂቃው። የሚንፈራገጥ ታካሚ ላይ ብርጭቆ ትታችሁ ዞር እንዳትሉ፣ በእጅ ይያዝ።

ግቡ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ39 በታች ማውረድ ነው። 38.5 አካባቢ ሲደርስ መርጨቱን አቁማችሁ አድርቁት፤ ከዚያም በኋላ በራሱ ትንሽ ይወርዳል። ተመልሶ ሊወጣም ስለሚችል መለካቱ አይቁም። ከተንቀጠቀጠ ጡንቻው ሙቀት እያመረተ ድካማችሁን ይበላዋል፦ ዳያዜፓም (መንቀጥቀጥ የሚያስታግስ መድኃኒት) 5 ሚሊግራም በደም ሥር ቀስ ተደርጎ፣ አምቡባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት) አጠገብ ሆኖ፤ መድኃኒቱ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላልና።

ቆላ ነርስ፦
እናመሰግናለን። የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ ቢሆንስ? እኛ ጋ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

የድንገተኛ ሐኪም፦
ሁለቱንም አክሙ። ማቀዝቀዙ የላብራቶሪ ውጤት አይጠብቅም። ራሱን የሳተና ወባ የተገኘበት አዋቂ የወባ መድኃኒት የሆነው አርቴሱኔት በኪሎ 2.4 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጠዋል፤ አንገቱ ከገተረ ማጅራት ገትርም ይታሰብ። የደም ስኳር ገና ሲገባ ይለካ፣ ካነሰ ግሉኮስ ይሰጥ።

ካቴተር (የሽንት ቱቦ) አስገቡ። ሽንቱ የኮካ ኮላ ቀለም ካለው ጡንቻው እየሟሟ ነው፤ ለፖታሲየምና ለክሬቲኒን (የኩላሊት) ምርመራ ደም ላኩ፣ ፈሳሹንም ጨምሩ፣ ሳንባውን እያዳመጣችሁ። ነቅቶ ስላወራ ብቻ በዚያው ቀን አትሸኙት፤ የጉበት ምርመራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ ደግማችሁ እዩት።