የእንግሊዝኛው «ፑት ኦፍ» (put off) ሰው ሲከተለው ትርጉሙን በምን ልለይ?

አሜሪካ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። «ፑት ኦፍ» ሲባል የማውቀው ቀጠሮ ማስተላለፍን ብቻ ነበር፤ ስብሰባ ወደ ሌላ ቀን ሲዛወር አለቃችን የምትጽፈው በዚሁ ቃል ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የሾርባውን ሳህን በእጃቸው ገፋ አድርገው «ዘ ስሜል ፑትስ ሚ ኦፍ» አሉኝ። ቆይቼ እበላለሁ ያሉ መስሎኝ ፍሪጅ ከትቼ፣ ከሰዓት በኋላ አሙቄ መልሼ አቀረብኩላቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ለካ ሽታው አስጠልቷቸው ነው! እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ በደብተር ምሳሌ እሰበስባለሁ። ቀጠሮ ወይም ሥራ ሲከተለው «ፖስትፖን» ወይም «ዲሌይ» ብዬ ስተካው ይሄዳል። ሰው ሲከተለው ግን ማስጠላት ነው፤ አንዳንዴም ሐሳብ መበተን፣ «ዲስትራክት» እንደሚሉት። ደንቡን አገኘሁት ስል የሥራ ባልደረባዬ «አይ ፑት ማይ ላንድሎርድ ኦፍ አንቲል ፍራይዴይ» አለችኝ። አከራይዋን አላስጠላችውም፤ ኪራዩን እስከ ዓርብ ታገሠኝ ብላ አቆይታዋለች። ደንቤ እዚህ ላይ ፈረሰ።

ሰው ሲከተለው፣ ማስጠላት ይሁን በቀጠሮ ማቆየት ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በምን ምልክት ነው የምትለዩት?