ጥቆማ፦ ለስታቲክ ኤሌክትሪክ ሙከራ ደሴ ላይ ምን ይገዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለ8ኛ ክፍል ስታቲክ ኤሌክትሪክን (ዕቃ ሲታሽ የሚፈጠረውን) በተግባር ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ክፍሉ 60 ተማሪ አለው። ፊኛ ይበቃል ወይስ የተዘጋጀ የላቦራቶሪ ዕቃ ከአዲስ አበባ ይምጣ? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚገኝ ነገር ጠቁሙኝ።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ አብሽር መምህር፣ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ነገር የለውም። ፊኛውንም ይተዉት፤ ከእጅ እጅ ሲዞር ላብ ይይዘዋል፣ ቅባት በተቀባ ፀጉር ላይም እምቢ ይላል። የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገብተው ባለግማሽ ኢንች የፒቪሲ ቱቦ በ50 ሳንቲ ሜትር ያስቆርጡ። ማሻው ባና ነው፤ የበግ ፀጉር ይሁን እንጂ አሮጌም ቢሆን ይሠራል። ጋቢ አይሆንም፣ ጥጥ እርጥበት ይይዛል። አንዱን ጫፍ ይዘው ሌላውን 15 ጊዜ ያህል በፍጥነት ይሹት። የተቀዳደደ ወረቀት ከ2 ሳንቲ ሜትር ካልዘለለለት ቱቦው ቆሽሿል፤ በሳሙና ይታጠብና በደንብ ይድረቅ።

ከኮምቦልቻ፦ በቱቦው እስማማለሁ፤ ግን ፒቪሲ በሱፍ ሲታሽ የሚሰጠው አሉታዊ ሙል (ኔጋቲቭ ቻርጅ) ብቻ ነው። ለአዎንታዊው የተለመደው መስታወትና ሐር ነው፤ መስታወት ግን ላዩ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚይዝ ተማሪ ፊት ያሳፍራል። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች የሚጥሉት የአክሪሊክ ቁራጭ ይሻላል፤ በደረቅ ፌስታል ሲታሽ አዎንታዊ ይሆናል።

ሁለቱን የሙል ዓይነቶች ለማሳየት ከሁሉም የሚረክሰው ስኮች ነው። አንድ ረጅም ስኮች ጠረጴዛ ላይ ለጥፉ። በእሱ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ስኮቾች አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ ለጥፉ፤ የሁለቱም ጫፍ ለመያዣ ይታጠፍ። ጥንዶቹን አብረው ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ ጀርባቸውን በጣት አብሱ፣ ከዚያ በፍጥነት አላቋቸው። አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ሆኖ ይሳሳባሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ቱቦው ይነግራችኋል፤ የሚገፋው አሉታዊው ነው። መሳሳብን ማስረጃ አታድርጉት፣ ሙል የሌለው ነገርም ይሳባል። ማስረጃው መገፋፋት ብቻ ነው፤ ተማሪው ፈተና ላይ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ከፒያሳ፦ ኤሌክትሮስኮፕ፣ ሙል ሲኖር ቅጠሎቹ የሚከፈቱት መሣሪያ ማለት ነው፣ አትግዙ፣ ሥሩ። ሰፊ አፍ ያለው የማርማላታ ጠርሙስ፣ የፕላስቲክ ክዳን፣ ስትሮ፣ 15 ሳንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የአሉሚኒየም ፎይል። ሽቦው ክዳኑን የሚያልፈው በስትሮው ውስጥ ነው። ከታች መንጠቆ አድርጉለትና 4 ሳንቲ ሜትር በ8 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የፎይል ቅጠሎች በልቅ ቀዳዳ አንጠልጥሉ፤ ላዩ ላይ የፎይል ድብልብል ኳስ። ሽቦውን ከሞተር ጠምጣሪ የምትወስዱ ከሆነ ቫርኒሽ ስላለው በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፤ አለበለዚያ ቅጠሎቹ አይነቃነቁም፣ ጥፋቱም ሳይታወቅ ቀኑ ይመሻል። የሲጋራ ፎይል ጀርባው ወረቀት ስለሆነ ይከብዳል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጉም ያለበት ቀንስ?

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ደሴ ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያልሠራ ሙከራ ስድስት ሰዓት ላይ ሊሠራ ይችላል። ክፍለ ጊዜውን ወደ ቀትር ይቀይሩ፤ 60 ልጅ በዝግ ክፍል ሲተነፍስም አየሩ ይርሳል፣ መስኮት ይከፈት። ባናውንና ቱቦውን ቀድመው ፀሐይ ላይ ያስጡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ በልግ ሲገባ ችግር ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ምድጃ ላይ ካሞቃችሁ ሙከራውን ከእሳቱ ርቃችሁ አድርጉ። ነበልባል አየሩን አስተላላፊ ስለሚያደርገው የተጠራቀመው ሙል ይጠፋል። ይህንንም ሆን ብላችሁ አሳዩ፤ ቅጠሎቹ ተከፍተው ሳለ ሻማ ወደ ኳሱ ሲጠጋ ይከደናሉ።

ከፒያሳ፦ አንድ ልጨምር፤ ሙል በብልጭታ የሚታይበት ሙከራ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴስተር፣ መብራት ያለው ጠመንጃ መፍቻ ማለቴ ነው፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ግዙ። ካርቶን ላይ የተኛ ጠጣር የዕቃ ማሸጊያ ፎም በባና ይታሻል፤ መያዣ የሚሆን የፕላስቲክ ኩባያ መሃሉ ላይ የተለጠፈበት የአሉሚኒየም ሳህን ፎሙ ላይ ይቀመጣል። ሳህኑን በጣት አንዴ ንኩ፣ ጣታችሁን አንሡ፣ በኩባያው ብቻ ይዛችሁ ወደ ላይ አንሡት። የቴስተሩን ጫፍ ስታስነኩት፣ ጣታችሁ ከኋላ ያለውን ብረት እንደነካ፣ መጋረጃ በተጋረደ ክፍል ብልጭ ይላል። ፎሙን ዳግም ሳያሹ ደጋግሞ ይሠራል። ቴስተሩን ግን ሲያበቃ ከልጆቹ ሰብስቡ፤ ሶኬት ውስጥ የሚከት አይጠፋም።