የ1965 ሼቭሮሌት ኢምፓላ ሞተር፦ ይታደስ ወይስ በናፍታ ሞተር ይቀየር?

ጥያቄ፦ ባለ ኢምፓላው፣ ሱሉልታ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በ1958 ዓ.ም. አዲስ ሳለች የገዟት፣ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል የሆነች ሼቭሮሌት ኢምፓላ አለችን። ሞተሯ 283 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 4.6 ሊትር የሚባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሲሆን፣ ካምቢዮዋ ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ፓወርግላይድ ነው። አባቴ ካረፉ ወዲህ አራት ዓመት ቆማ ቆይታ ባለፈው ጥቅምት አስነሣናት። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆማ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላዎቹም ሲፈቱ ጥላሸት ለብሰው ይገኛሉ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን አቀበት ስትይዝ ደግሞ ጫፍ ሳትደርስ ውሃዋ ይፈላል።

አንድ ጋራዥ ወስጃት መካኒኩ የሁለት ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩን የሚያምቁበትን ግፊት፣ ለካና አንዱን 112፣ ሌላውን 78 ፒኤስአይ አገኘ። የቫኪዩም መለኪያውም 11 ኢንች ላይ ቆመ። የፋብሪካው መጽሐፍ ኮምፕሬሽኑ 150 መሆን አለበት ስለሚል ሞተሩ አልቆለታል፣ አውጥተን የቶዮታ ናፍታ ሞተር እንግጠምላት አለኝ። አባቴ እሑድ እሑድ ኮፈኗን ከፍተው የቫልቭ ክዳኖቹን በጨርቅ ሲወለውሉ እያየሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ እሺ ለማለት አንደበቴ አልታዘዘልኝም። በእርግጥ ሞተሩ አልቆለታልን? ካላለቀለትስ ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦ የቃሊቲ መካኒክ

ወንድሜ፣ አስቀድሞ የአባትዎን ነፍስ ይማር። በሞተሩ ላይ ከመፍረዳችን በፊት መለኪያው የት ቦታ ሆኖ እንደተነበበ እናስብ። መጽሐፉ 150 የሚለው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ስፍራ ለተለካ ሞተር ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ እዚያ አንድ ሲሊንደር የሚስበው አየር በክብደቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚስበው 78 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 150ን በ0.78 ቢያባዙት 117 ያገኛሉ፤ ስለዚህ 112 ያስነበበው ሲሊንደር ጤነኛ ነው። የቫኪዩም መለኪያውም እንደዚሁ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ ጠረፍ ላይ ከ18 እስከ 20 የሚያስነብብ ጤነኛ ሞተር እርስዎ ዘንድ ከ10 እስከ 12 ቢያስነብብ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። እኔ ራሴ ተለማማጅ በነበርሁበት ጊዜ ይህን ሳናውቅ የአንድ ደንበኛን ሞተር አውርደን ስምንቱንም ፒስተን አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልብሰን ስንለካው ቁጥሩ ከበፊቱ በ4 ብቻ ከፍ ብሎ አገኘነው። ሰውየው ዝም ብሎ ከፍሎ ሲሄድ የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው።

78 ያለው ሲሊንደር ግን በእርግጥ ታሟል። ሁለት ብቻ ሳይሆን ስምንቱንም ይለኩ። ሞተሩ ይሙቅ፤ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይፈቱ፤ ብልጭታ እንዳይረጭ የቦቢናው መስመር ይነቀል፤ ባትሪው የተሞላ ይሁን፤ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ። ይህ የመጨረሻው ነገር ከተዘነጋ አየር ስለማይገባ ጤነኛውም ዝቅ ብሎ ይነበባል። ከዚያ ዝቅ ባለው ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩት። ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ ላይ ነው፤ እምብዛም ካልተነቃነቀ ግን ቫልቭ ላይ ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ራስ) ማሸጊያ የሆነው ጓርኒሲዮን ላይ ነው።

ጥቁሩ ጭስ የመጣው ከካርቡራተሩ ይመስለኛል። ሮቼስተር የተባለው ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡራተር ቤንዚን የሚመጥነው ጄት በሚባሉ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ቀዳዳዎች ነው፤ እነሱም ለጠረፍ አየር የተለኩ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በዚህ ከፍታ ድብልቁ ከሚገባው በላይ 13 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። በጄቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብበው ሦስት ቁጥር ያህል ጠበብ ያለ ቢያስገቡ፣ ካርቡራተሩም ታጥቦ የተንሳፋፊው ከፍታ በትክክል ቢስተካከል፣ የካንዴላዎቹ ነጭ ሸክላ ቀስ በቀስ ወደ ቀላል ቡናማነት ሲለወጥ ያያሉ። አሮጌዎቹን ጄቶች ግን እንዳይጥሏቸው። ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለችው መተሐራ ወርደው ረዘም ላለ ጊዜ የሚነዱ ከሆነ የጠበበው ጄት በዚያ ወፍራም አየር ቤንዚን ያሳንስብዎታል።

የእሳቱም ጊዜ፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ከዚሁ ጋር አብሮ የሚታይ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር ያዘዘው ሚኒሞ ላይ 4 ዲግሪ ሲሆን፣ እዚህ ከፍታ ላይ ወደ 8 ቢያስቀድሙት ሞተሩ ነፍስ ይዘራል። ቁልቁል ወርደው አቀበት ላይ ሲረግጡት የብረት መንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰሙ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይመልሱት፤ ያ ድምፅ ፒስተን ይሰብራል። ፑንቲናው (የእሳቱን መስመር የሚያቋርጠው መገናኛ) ተቃጥሎ ከሆነ ከነኮንደንሰሩ ይቀይሩትና ክፍተቱን በ0.019 ኢንች ያስተካክሉት።

መፍላቱን በተመለከተ ብዙ ሰው ራዲያተሩን ያስጠርግና ክዳኑን ይረሳል። በእርስዎ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የሞተሩ ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በመካከሉ የቀረው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። የላስቲኩ ቀለበት የደረቀ ክዳን ግፊት ስለማይዝ ራዲያተሩ ከክፍት ድስት አይለይም። 15 ፒኤስአይ የሚይዝ ደህና ክዳን ያንኑ ውሃ ከ115 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ ያቆየዋል። ከምንም በፊት እሱን ይቀይሩ።

መልስ 2፦ ነዋሪነቱ ቡራዩ

ከላይ የተሰጠውን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ ሆኖም የጋራዡ መካኒክ ያቀረበውን ሐሳብ እንዲሁ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ብዙ ይጠጣል፤ የዕቃውም ነገር ሶማሌ ተራን ሙሉ ቀን ዞሮ ባዶ እጅ እስከ መመለስ ያደርሳል። የቶዮታ ናፍታ ሞተር ዕቃው በየሱቁ አለ፤ የማይሠራውም መካኒክ የለም። መኪናዋን በየቀኑ የሚነዷት ከሆነ ይህንንም በሚዛን ላይ ያስቀምጡት።

መልስ 3፦ ቴስታታ ሠሪ፣ ሰበታ

በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ቢሆን ኖሮ የቡራዩው ወንድማችን ነጥብ ያስኬድ ነበር። ነገር ግን ሥራው ሞተር አውጥቶ ሞተር በማስገባት አያበቃም፤ የሞተሩ መቀመጫ ተቆርጦ ይበየዳል፤ ፓወርግላይዱም ከዚያ ሞተር ጋር ስለማይገጥም አብሮ ይወጣል፤ ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥርም መለወጥ ይኖርበታል። ከዚያ ወዲህ ልመልሳት ቢሉ መንገዱ ረጅም ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ 78 ያስነበበው ሲሊንደር ነው። ይህ ሞተር የተሠራው ቤንዚን እርሳስ በነበረበት ዘመን ነው። እርሳሱ የጭስ ማውጫ ቫልቩን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቀው ነበር፤ ጄኔራል ሞተርስም መቀመጫውን በሙቀት ማጠንከር የጀመረው ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። በእኛ አህጉር ከሰሃራ በታች እርሳስ ያለው ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ከገበያ ሲወጣ፣ ያልጠነከረ መቀመጫ ያላቸው ሞተሮች ቫልቭ ቀስ በቀስ ወደ ቴስታታው መስመጥ ጀመረ። ቫልቩ ሲሰምጥ ጭራው ወደ ላይ ይወጣና ቫልቩን ተጭኖ የሚከፍተውን ሮከር ይገፋል፤ ከካምሻፍቱ ላይ የሚቀመጠው ፑንቴሪያ ያለውን ልቅነት እስኪጨርስ ይታገሣል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተውና ኮምፕሬሽኑ ያመልጣል።

ይህን ቴስታታ ሳያወርዱ ማረጋገጥ ይቻላል። የቫልቭ ክዳኑን ይክፈቱ፤ የታመመው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች በሚዘጉበት ቦታ ሞተሩን ያቁሙ፤ የጭስ ማውጫውን ሮከር ዳዶ እስኪላላ ይፍቱት፤ ከዚያ የፑንቴሪያውን ዘንግ በሁለት ጣት እያሽከረከሩ ልቅነቱ እስኪያልቅ ድረስ ዳዶውን ያጥብቁ፤ ከዚያ ነጥብ በኋላ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ። እንደገና ሲለኩት ቁጥሩ ከተመለሰ በሽታው ተገኘ ማለት ነው።

የቤንዚን ቱቦዎቹንም ይመልከቱ። በአገራችን ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል በ2001 ዓ.ም. በ5 በመቶ ተጀምሮ በኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። መኪናዋ በተሠራችበት ዘመን የነበረ ላስቲክ ኤታኖል ሲነካው ይለሰልስና ይሰነጠቃል፤ ቱቦውን በጣት ጨመቅ ሲያደርጉት ጥቁር ቀለም ከለቀቀ ሳይውል ሳያድር ይቀየር፤ ከጋለ ሞተር በላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኪናዋን በሙሉ ያሳጣል።

ባለ ኢምፓላው፣ ሱሉልታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳላችሁኝ አድርጌ ስምንቱንም ለካሁ። ሰባቱ ከ109 እስከ 115 ሲያስነብቡ፣ ከሾፌሩ በተቃራኒ በኩል ከፊት ሦስተኛ የሆነው ስድስተኛው ሲሊንደር 78 አለ። ዘይት ስጨምርበት 83 ብቻ ደረሰ። የቫልቭ ክዳኑን ስንከፍተው የዚያ ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጭራ ከጎረቤቶቹ በግልጽ ከፍ ብሎ ይታያል፤ እኅቴ የብረት ማስመሪያ ከላይ አጋድማ አሳየችኝ። ዳዶውን አላልቼ እንደገና ሳስተካክለው 106 አስነበበ፤ የሚኒሞው መንቀጥቀጥም ወዲያው ቀነሰ። የራዲያተሩን ክዳን ቀይሬ ትናንት አቀበቱን ስወጣ ውሃው አልፈላም። እንግዲህ በዚሁ ልንዳት ወይስ ቴስታታው መውረድ አለበት? ትንሽ ጉልበት መጨመርስ ይቻል ይሆን?

መልስ 4፦ የቃሊቲ መካኒክ

በጣም ደስ ብሎኛል። በዚሁ መንዳት ይችላሉ፤ ነገር ግን መስመጡ አይቆምምና በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ የስድስተኛውን ኮምፕሬሽን ይለኩ። ወደ ታች መውረድ በጀመረ ጊዜ ሁለቱንም ቴስታታ አውርደው ለስምንቱም የጭስ ማውጫ ቫልቮች የጠነከረ መቀመጫ ያስገጥሙ፤ አንዱን ብቻ አሠርተው ሌሎቹን አይተዉ። የቴስታታው ቡሎኖች ክር ወደ ውሃው መስመር ስለሚዘልቅ ማሸጊያ ተቀብተው በ65 ፓውንድ ጫማ ከመሐል ወደ ዳር ይጠበቃሉ።

ስለ ጉልበቱ፣ ከሁሉ አስቀድመው ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይተኩት፤ ስፒንተሮጀኖው (እሳት አከፋፋዩ) ውስጥ ስለሚቀመጥ ከውጭ አይታይም፤ መኪናዋም መልኳን አትቀይርም። በኋላ ከዚህ የሚበልጥ ካማርዎት፣ 5.7 ሊትር የሆነው 350 የዚሁ የ283 ወንድም ስለሆነ በዚያው መቀመጫና በዚያው ፓወርግላይድ ላይ ያለ ብየዳ ይገባል፤ ከእ.ኤ.አ. 1986 ሞዴል ጀምሮ የተሠራውን ግን አይግዙ፤ የኮሎው (የክራንክሻፍቱ) የኋላ ዘይት ማገጃና የፍላይዊል ቡሎኖቹ አቀማመጥ ተለውጧልና። ያን ጊዜም ቢሆን የአባትዎን 283 በዘይት አርሰው፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ ከደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

ዘይቱን ሳልረሳ፣ የዚህ ሞተር ካምሻፍት በፑንቴሪያው ላይ ተጭኖ የሚንሸራተት ዓይነት ስለሆነ ዚንክ ይፈልጋል፤ በአዲሶቹ የቤንዚን መኪና ዘይቶች ውስጥ ደግሞ ዚንኩ ተቀንሷል። ለከባድ ናፍታ መኪና የሚሸጠውን 15-40 ይጠቀሙ። አራት ዓመት የቆመውን ዘይት ግን ዛሬውኑ ያፍስሱት፤ ሲያፈሱም በነጭ ሳህን ተቀብለው ፀሐይ ላይ ይመልከቱትና የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካዩበት ሞተሩን ሳያስነሡ ይጻፉልኝ።